ብልቃጡ ሳይከፈት ጠበቀኝ

ቅዱሳን፣ መድረኩን ለጥቂት ደቂቃ አውሱኝ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብመለስ ምሳ አይወርድልኝም። ፓስተራችን «ጋሼ ተሰማ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። ድሮ ቢሆን «ሰዓቱ አልታየኝም» እል ነበር። ዛሬ የግድግዳው ሰዓት ቁልጭ ብሎ ስለሚታየኝ ሰበብ የለኝም። ስሙ ይባረክ!

ለማታውቁኝ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት የአርሲን ከብት በመርፌ ስወጋ የኖርኩ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ከዴራ ቆላ እስከ ዲክሲስ ደጋ እኔን አይቶ ያልሸሸ በሬ የለም። ሲፈራገጥ «ይህን የሚያህል ቀንድ ተሸክመህ መርፌ ትፈራለህ?» እያልኩ እስቅበት ነበር። በሬዎቹ ዛሬ እዚህ ቢኖሩ የመሳቅ ተራው የእነሱ ነበር።

እምነት በቤታችን የባለቤቴ የአስካለ ነበር። ጌታን ካገኘች ሃያ ዓመቷ ነው። ጸሎት ላይ ስትቆይ ወጥ ያርርባታል። እኔም «አምላክሽ ወጥ ማማሰል አይችልም?» እላታለሁ። ይቅር በለኝ ጌታዬ! ያረረውንም ሙልጭ አድርጌ የምበላው እኔው ነበርኩ።

ስኳር በሽታ ካለብኝ ቆይቷል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ቀና ብዬ አስካለን ሳያት ፊቷ መሃሉ የለም። ሻሿ አለ፣ ጆሮዋ አለ፤ ዓይንና አፍንጫዋ ያለበት ቦታ ጭስ ሆኗል። ደነገጥኩ። ቀልደኛው ሰውዬ ቀልድ ጠፋኝ። ሁለት ወር ሙሉ ደበቅኳት፤ ሰውን በድምፁ እየለየሁ ሰላም አልኩ። አንድ ጠዋት ግን በር ላይ ለተሰቀለው ካፖርት «እንደምን አደሩ» ስል ያዘችኝ።

«ተሰማ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

በዚያው ይዛኝ አሰላ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «አባባ፣ ስኳሩ ከዓይንዎ ጀርባ ያሉትን ደም ሥሮች ጎድቷቸዋል፤ ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ነው። መድኃኒቱ በመርፌ ነው የሚሰጠው» አለኝ።

«ክንድ ላይ ነው ወይስ ቂጥ ላይ?»

«ዓይን ውስጥ።»

ወገኖቼ፣ ወንበሬን ከሐኪሙ ራቅ አደረግኩ።

«ባልወጋስ?»

«ከቀን ወደ ቀን እየጨለመ ይሄዳል። የጠፋውን መመለስም ላይቻል ይችላል።»

ዋጋውን ሲነግረኝ በልቤ ወደ ከብት መነዘርኩት፦ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ጊደር! ቢያንስ ሦስት ጊዜ መወጋት አለብኝ። ሦስት ጊደር ከጡረታ በረት ይነዳል? ሲስተሯ ፊቴን አይታ «አባባ፣ አይደንግጡ» አለችኝ። «ለአንድ ዓይን የሚበቃው ጠብታ ታህላለች። ስድስት ሰው በአንድ ቀን ከመጣ ብልቃጡን ትካፈሉታላችሁ። ግን ከተከፈተ አያድርም፤ የስድስት ሰው ክፍያ ካልተሟላ አንከፍተውም።» ለስድስት ስትካፈል ጊደሯ በግ ሆነች። ተመስገን!

ያን ንግግር ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ንግግር ነው። ለአባ ሰንጋ ክትባት ስወጣ «ከብቱ ካልሞላ ብልቃጥ አልከፍትም! አንተ ላሞችህን ደብቀህ ስትቀር የጎረቤትህ ከብት ሳይከተብ ይመለሳል!» እያልኩ ገበሬውን ስሰድብ ኖሬአለሁ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ስድስታችን አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። አጠገቤ ጫልቱ የምትባል የዲክሲስ ሴት ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ ቀድሞ ጠፍቷል፤ የመጣችው ለቀረችው ነው። ገብሷን ሸጣ ድርሻዋን በመሀረብ ቋጥራለች። ሲስተሯ ለሁላችንም ጠብታ አደረገችልን። ከዚያ ከውስጥ ብረት ከብረት ሲነካካ ሰማሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በሬዎቹም ያውቁታል።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አልኩ። ሽንት ቤቱን አልፌ፣ ዘበኛውን አልፌ፣ የግቢውን በር አልፌ ወጣሁ!

ለካ ጠብታው የዓይኔን ብሌን ወለል አድርጎ ከፍቶት ኖሯል። የአሰላ ፀሐይ እንዳለ ገባብኝ። መንገዱ ነጭ፣ ሰዉ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ። በግራዬ የባጃጅ ጥሩምባ፣ በቀኜ የጋሪ ፈረስ ትንፋሽ። ወደፊት አልል፣ ወደኋላ አልል። «ሽማግሌው በጠዋቱ ቀምሷል እንዴ?» አለ አንዱ። ግንብ ዳስሼ ቁጭ አልኩ። ከመርፌ ሸሽቼ የመጣሁት ወደዚህ ነው? የቀረው ዕድሜዬ ይህ ነው? ድምፅ ብቻ፣ ፊት የሌለው?

«የአስካለ አምላክ» አልኩ። የእኔ ለማለት አፈርኩ። «የአስካለ አምላክ፣ ካለህ አሁን ና። መሄጃ የለኝም።»

መልአክ አልመጣም። የጎማ ጫማ ድምፅ መጣ። ጫልቱ ናት፤ እሷም ጠብታ ገብቶባት ግንቡን እየዳሰሰች!

«አባ፣ እዚህ ነዎት? ዘበኛው ‹በዚህ በኩል ናቸው› አለኝ።»

«ምን ልትሆኚ ወጣሽ ልጄ? መኪና ይገጭሻል!»

«እርስዎ ከሌሉ አይከፈትማ።»

«ለአምስት ተካፈሉት።»

«የምጨምረው ገንዘብ የለኝም አባ። ይቺም ዓይን ከሄደች የልጆቼን ፊት አላይም።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዘች። «ሂን ሶዳቲና» አለችኝ በኦሮምኛ፤ አይፍሩ ማለቷ ነው። «እኔም ፈርቻለሁ። ግን ጌታ አብሮን ይገባል።»

«ሌሎቹስ ሄዱ?»

«የት ይሄዳሉ? ቁጭ ብለው እየጠበቁዎት ነው። ሐኪሙም ‹ይመጣሉ፣ እንጠብቃቸው› ብሏል። ብልቃጡ እንደታሸገ ነው።»

ወገኖቼ፣ እዚያ ግንብ ሥር ተሰበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከክትባት የቀረውን ገበሬ ስሰድብ አንድም ቀን ጠብቄው አላውቅም፤ ሳጥኔን ዘግቼ እሄድ ነበር። እኔን ግን ጠበቁኝ። ሃያ ዓመት በአስካለ ጸሎት ስቀልድ ጌታም በሩን ሳይዘጋብኝ ጠብቆኝ ኖሯል። «ጌታዬ፣ ያንተ ነኝ፤ እንደ በሬ ጎትተህ አስገባኝ» አልኩት። ሃሌ ሉያ!

ሁለት ማየት የተሳነን ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን ተመለስን። ቀድሜ ልግባ አልኩ። ከጀግንነት አይደለም፤ ወረፋ ብጠብቅ እንደገና እሸሽ ነበር። አደነዘዙኝ፣ ጫን ያለኝ ነገር ተሰማኝ፣ አለቀ። «ጨርሰናል አባባ» ሲለኝ «ውሸት!» አልኩት።

ቤት ገብቼ ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳትና አጠገቧ ተንበረከክሁ። ወጡ አረረ። ማንም አላማሰለውም።

አሁን ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ። ጭሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ አልዋሻችሁም። የአስካለን ፊት ግን ከነፈገግታው አያለሁ። ጫልቱም የልጇን ደብተር ማንበብ ጀምራለች። ስሙ ይክበር!

የፊታችን ማክሰኞ ሦስተኛው ነው። ከትናንት ጀምሮ እየፈራሁ ነው። ከስድስታችን አንዱ መምህር ነበር፤ ሥራ ተቀይሮ ሄደና አምስት ቀረን። የጫልቱን ጭማሪ አራታችን ልንሸፍን ተስማምተናል፤ እሷ አትቀርም። ግን አንድ ሰው የሚያድን ጠብታ ብልቃጡ ውስጥ ተርፎ ሊደፋ ነው።

እናም በዚህ ጉባኤ መካከል ለካፖርት ሰላም የምትሉ ካላችሁ፣ ሳቁ፣ ግን ካላችሁ፣ ስትወጡ ጆሮዬ ላይ ንገሩኝ፤ ነገ ሐኪሙ ያያችኋል። ከጌታ የሸሻችሁም እንደዚያው፤ ሳይዘጋ እየጠበቃችሁ ነው። ፍርሃታችሁ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ እንደፈራችሁ ኑ። እኔም ፈርቼ ነው የምሄደው። የሐኪሙ በር ላይ እጅ እንያያዛለን፤ የትኛችን የትኛችንን እንደሚይዝ ማክሰኞ እናያለን።