ደመና ሰንጣቂው ጋሽ ስምሪት

ጋሽ ስምሪት ደመና ሰንጥቀው ያያሉ አሉ።

ወሬው ማክሰኞ ማታ ሲወለድ ትንሽዬ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሕፃን ዓይኑን እንኳ በቅጡ አልገለጠም። ረቡዕ ጠዋት ጸጉር ቤቱ ውስጥ ዳዴ አለ። ሐሙስ ካፌ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዓርብ ላይ ጢም አብቅሎ ነበር፦ ጋሽ ስምሪት በዚያ ሁሉ ደመና ውስጥ ያዩት የጠፈር መንኮራኩሯን ብቻ ሳይሆን መስኮቷንም ነው፤ በመስኮቷ በኩል ደግሞ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ አይተውታል፤ ሰውዬው ከተላጨ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አንዱማ ምሎ ተገዝቶ፣ "እጃቸውን ሲያነሡላት ቀጥ ብላ ቆማላቸዋለች፤ ሰላም ተባብለው ነው የሄደችው" አለ።

ማመን ደግ ነው። ግን ደመና ሰንጥቆ የሰው ጢም የሚያይ ዓይን የገዛ ሸሚዙን ቁልፍ እንዴት አዛንፎ ይቆልፋል? በር ላይ የቆመውን የሃያ ዓመት ጎረቤቱንስ "ማነህ?" ሳይል የማይለየው ለምንድን ነው? ካፌው ለዚህም መልስ አላጣም፦ "የሩቅ ዓይን ነው የተሰጣቸው፤ የቅርቡን ንቀውት ነው!"

የጋሽ ስምሪት ስም ስምሪት አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የስምሪት ተቆጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ ስማቸውን ሥራቸው ዋጠው። ሥራቸው፣ አንድ ሰውና አንድ ወንበር ብቻ በምትይዝ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ አውቶቡስ መውጣት ያለበትን ሰዓትና የወጣበትን ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ነበር። ሁለቱ ሰዓቶች በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ ሾፌር ጎማው ተንፍሷል፤ አንዱ ቁርስ ላይ ነው፤ አንዱ ረዳቱ ጠፍቶበታል፤ ረዳቱም ሾፌሩን እየፈለገ ነው። "ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ!" ብሎ የሄደ አንድ ሾፌር ነበር፤ ያቺ አምስት ደቂቃ እስከ ዛሬ አላለቀችም ይባላል። ጋሽ ስምሪት ፊሽካ ሲነፉ የሚነሡት የጣሪያው ርግቦች ብቻ ነበሩ።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ ልጃቸው ደወለችላቸው። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት።

"አባዬ፣ ዛሬ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት የጠፈር ጣቢያ የሚሏት መንኮራኩር በቤትህ አናት ላይ ታልፋለች ይላል ስልኬ።"

"ከሃምሳ ሁለት?" ብለው ሳቁ። "አንድ ሰዓት ተኩል በዪው።"

ልማድ ነውና ሰዓታቸውን አስተካክለው ጓሮ ወጡ። ልክ ከሃምሳ ሁለት ሲል ከጎረቤት የውሃ ታንከር ጀርባ አንዲት ነጭ ብርሃን ብቅ አለች፤ ጥሩምባ ሳትነፋ፣ ማንንም ሳትገፈትር፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሄደች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቋት እሷን ኖሯል። "በሰዓቷ መጣች" አሉ፣ ለራሳቸው። እንባቸውን የጠረጉት በእጅጌያቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ከተፈታታ አውቶቡስ የወጣ የሁለት ሰው መቀመጫ አምጥተው ጓሮው ውስጥ ተከሉ። መዝገብ አወጡ። በግራ ይመጣል የተባለበት ሰዓት፣ በቀኝ የመጣበት ሰዓት፤ ሁለቱም እኩል። ጎረቤት አመሻሽ ላይ እየመጣ ይሰበሰብ ጀመር፤ አንዳንዱ ሰማይ ለማየት፣ አብዛኛው ሰው ለማማት።

ተወርዋሪ ኮከቦችንም በወቅታቸው ያዩ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን በድንገት አባረሯቸው። "ሥርዓት የላቸውም!" አሉ። "ታርጋ የሌለው ታክሲ ናቸው፤ ከየት እንደሚነሡ አይታወቅ፣ የት እንደሚያራግፉ አይታወቅ!" ጎረቤት ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያ ምሽት የሆነውን ግን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰው ሁሉ "ያውና! ያውና!" እያለ ሲጮህ የመጀመሪያው አመለጠኝ አሉ። ሁለተኛውም አመለጣቸው። ሃያኛው ላይ "ያውና" ሲባል አብረው "ያውና" አሉ።

የዓይን ሐኪሙ ቀደም ብሎ ነግሯቸዋል። "ዓይንዎ ውስጥ ግፊት አለ። አያምምም፤ ከዳር ከዳር እየሰረቀ ነው የሚሄደው። ጠብታውን ጠዋት ማታ፣ ዕድሜ ልክዎን። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ያቆይልዎታል።" ሁለት ወር አደረጉት። ያቃጥላል። "ያላመመኝን ምን አስታመመኝ?" ብለው ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት።

ለልጃቸው አልነገሯትም። እሷ አስቀድማ ፍርዷን ሰጥታ ነበር፦ "ዓይንህ ደከመ ያልኩ ቀን እኔ ጋ ትገባለህ፤ ይሄ ቤት ይከራያል። ብቻህን ወድቀህ ላገኝህ አልፈልግም።" ከፍቅር ነው የተናገረችው፤ ፍቅር ሲጨክን ደግሞ ለጉድ ነው። እሷ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበረንዳዋ የሚታየው የሌላ ፎቅ ግድግዳ ነው። ጋሽ ስምሪት ሦስት ቀን እንግድነት ሄደው ሁለት ብርጭቆ ሰበሩ፤ ግንባራቸውን ከመቃን ጋር አጋጩ፤ መታጠቢያ ቤት መስሏቸው ቁምሳጥን ከፈቱ። እዚያ ዕውር ናቸው። እዚህ ግን ከቤቱ በር እስከ መቀመጫው ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ከመቀመጫው እስከ ቧንቧው ስድስት፤ ከቧንቧው እስከ ግቢው በር አሥራ አራት። በዚህ ጓሮ ውስጥ ጋሽ ስምሪትን ዕውር ሊል የሚችል ሰው አልነበረም። ደግሞስ የጠፈር መንኮራኩር የሚያይን ሰው ማን ዓይኑ ጠፋ ይለዋል? ሰማዩ የዓይናቸው ምስክር ወረቀት ሆነ፤ ማኅተሟን የምታሳርፍበት ያቺ መንኮራኩር ነበረች።

ዘዴው ቀላል ነው። ልጃቸው እሑድ እሑድ የሳምንቱን ሰዓቶች በድምፅ ትልክላቸዋለች፤ "ስልክ ማፍጠጥ ሰለቸኝ" ብለዋታል። ምሽት ላይ ሬዲዮው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ካሰማው ድምፅ ጀምሮ በሆዳቸው ይቆጥራሉ፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ተቆጣጣሪ ሰከንድ አይስትም። ተረከዛቸውን የሚያስደግፉባቸው ሁለት ብሎኬቶች መሬት ውስጥ ቀብረዋል፤ አንዱ ወደ ታንከሩ ያዞራቸዋል፣ ሌላው ማዶ ጣሪያ ላይ ወደተተከለው አንቴና። ሰዓቱ ሲደርስ ጣታቸው ይነሣል፦ "ያውላችሁ!" ሕዝቡ "ውይ!" ይላል። ያቺ "ውይ" ስትመጣ ልባቸው ቦታው ይመለሳል።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አጥር የሚጋራቸው ጸጉር አስተካካይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይላጫቸዋል፤ ምላጩ ዓይናቸው ሥር ሲደርስ ሽፋሽፍታቸው አይርገበገብም፤ ፎጣ ፍለጋ መሳቢያውን ሲከፍት የተወረወረውን ብልቃጥም አይቷል።

"ጋሼ፣ ይቺ ዓይንዎ..." አለ አንድ ጊዜ።

"አንተ እጅህ ላይ አተኩር።"

አተኮረ፤ ዳግም አልጠየቀም።

ማክሰኞ ዕለት ከቀትር ጀምሮ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተገጠመ። ዝናብ የለ፣ ነፋስ የለ፣ ነጎድጓድ የለ፤ ዝም ያለ ደመና። ማታ አምስት ስድስት ሰው እንደ ልማዱ ጓሮው ውስጥ ተሰብስቦ ስለ ቤት ኪራይ ያማርራል። ስለ ደመናው ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ሁሉም የሚያየውን ነገር ማን ይናገራል? ዛሬ ጋሼ አይነሡም ብለው ነው የተቀመጡት።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ጋሽ ስምሪት ተነሡ። ተረከዛቸውን አስደገፉ፤ ጣታቸውን ከታንከሩ በላይ ቀሰሩ።

"ያውላችሁ! ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮባታል!"

"ውይ" አልመጣችም። ጣታቸው በዚያ ጥቁር ክዳን ላይ ቀስ እያለ ወደ አንቴናው ሄደ። አንዱ ጎረቤት አፉን ከፈተና ዘጋው።

"ምነው ዝም አላችሁ?"

"አየኋት!" አለ ጸጉር አስተካካዩ፤ ጮኾ ነው ያለው። "ደመናውን... እንዴት ያለ ዓይን ነው ጋሼ!" ሌሎቹን በክርኑ ጎሸማቸው። "እኔም አየኋት" አለ አንዱ። "እኔም" አለ ሌላው፣ መሬት መሬት እያየ።

ጋሽ ስምሪት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሰዉ እስኪወጣ ጠበቁ።

"ደመና ነበር እንዴ?"

"ትንሽ" አለ ጸጉር አስተካካዩ።

"ምን ያህል ትንሽ?"

"ሙሉ ሰማይ፣ ጋሼ።"

"ልጄ እንዳትሰማ።"

"ሞቼ ነው!"

ቃሉን ጠበቀ፤ የጠበቀው ግን ጸጉር አስተካካይ በሚጠብቅበት መንገድ ነው። አንዲት እውነት ለመደበቅ ሃያ ውሸት አሰለፈ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን እያደር ወፈረ። መስኮቱንም፣ መሳቢያ ውስጥ የተወረወረውን ጠብታም የጨመረው እሱ ነው፤ ጢሙንማ ከእሱ ሌላ ማን ያስበዋል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ጋሽ ስምሪት ምንም ሳይሰሙ ወሬው አራተኛ ፎቅ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጃቸው መጣች። የቁልፎቿን ኮሽታ ከግቢው በር ላይ ለዩት። የአውቶቡሱ መቀመጫ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ምን አለኝ መሰለህ፣ አባዬ? አባትሽ ደመና ይሰነጥቃሉ፤ መንኮራኩሯ ቆማላቸው በመስኮቷ የሰውዬውን ጢም አይተዋል አለኝ። ስቄ ልሞት።"

"ሰው ሥራ ሲፈታ ምን የማይለው አለ" አሉ።

"ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው?" አለች። አሁን ሳቅ ድምፅዋ ውስጥ የለም።

ጋሽ ስምሪት ፊታቸውን ቀና አደረጉ። ግንባራቸው ላይ የፀሐይ ሙቀት ፈለጉ፤ የጣሪያው ጥላ ውስጥ ነበሩ። መልስ ከማግኘታቸው በፊት የግቢው በር ተንኳኳ፤ ጸጉር አስተካካዩ የምታንኳኳዋን ሴት ሊመልስ ከመንገዱ ዳር ጮኸ፣ "ዛሬ ጋሼ ደክሟቸዋል፤ ሌላ ቀን ነይ!" እያለ። ሰሚ አላገኘም። የገባችው መታጠፊያው ላይ ባለው ዳቦ ቤት የምትጋግረው ሴት ናት፤ ከእሷ በፊት የትኩስ ዳቦ ሽታዋ ደረሰ።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝ፤ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። እኔንም ሐኪሞቹ ዓይንሽ ውስጥ ግፊት አለ ብለውኛል። ጠብታ ሰጡኝ፤ ምድጃው ፊት ቆሜ ሲያቃጥለኝ ልብ ያወልቃል። እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው የወረወሩት አሉ፤ ያውም ደመና ሰንጥቀው እያዩ! ሰማይ ማየቱ ነው የሚያጠነክረው አይደል? በሉ ዘዴውን ያካፍሉኝ።"

"ጠብታሽን አድርጊ" አሉ ጋሽ ስምሪት።

"ትቼዋለሁ እኮ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሐሙስ። እርስዎን ከሰማሁ።"

"ጠብታሽን አድርጊ አልኩሽ፣ አንቺ ልጅ!"

"ምነው ጋሼ፣ ይሰስታሉ እንዴ?" አለች፣ ቅር ብሏት። "እርስዎ አያደርጉት! ራስዎ ድነው ሰውን ጠብታ ላይ ያስቀምጣሉ። ይሁን፤ እኔም ዓይኔን ቀና አድርጌ እሞክረዋለሁ።" ልትሄድ ከቧንቧው አጠገብ ዞረች። የልጃቸው ቁልፎች ጸጥ ብለዋል። ጋሽ ስምሪት ከቧንቧው እስከ በሩ ያሉትን አሥራ አራት እርምጃዎች በሆዳቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ሴትዮዋ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ተነሡ።

"ቁሚ! ሐሰት ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሐሰት ነው። ደመና አልሰነጠቅኩም። መንኮራኩር አልቆመችልኝም፤ መስኮትም፣ ሰውዬም፣ ጢምም አላየሁም። ደመና መኖሩንም አላየሁም። ጠብታውን ስለተውኩ ነው የጠፋው። አሁን አንቺንም አላይሽም፤ ልጄንም አላያትም። ይኸው ሁለት ዓመቴ፤ እቆጥራለሁ እንጂ አላይም።"