ጀልባዋን ጭቃ ላይ ያወጣት መብራት

ሰውና ዕቃ ከወንዝ ማዶ የምታመላልሰውን ትልቅ ጀልባ የሚነዳው ካፒቴን ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ሚስት ግን የለውም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ስለ መብራት ያወራል።

"ወደ ወደብ ስትገባ ቀይዋን ብልጭታ በግራህ አድርግ፣ አረንጓዴዋን በቀኝህ። ፊት ለፊትህ ያሉት ሁለቱ ነጭ መብራቶች፣ የታችኛዋና የላይኛዋ፣ አንዷ ባንዷ አናት ላይ ከቆሙ መንገድህ ቀና ነው። ጎን ለጎን ከሆኑ ግን አለቀልህ!"

ይህን ከአፉ ያልሰማ ሰው አይገኝም፤ አንዳንዱማ ሁለቴ ላለመስማት ሲል መዋኘት ያምረዋል።

እንግዲህ እሱ ራሱ ነው፣ አንድ ምሽት አየሩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ እስከ አፍ ገደፏ በሰው የሞላችውን ጀልባ ጭቃ ላይ አውጥቶ ቁጭ ያለው። ተሳፋሪው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማውን አንጠልጥሎ፣ ካፒቴኑን ከነዘር ማንዘሩ እየረገመ ወጣ። ከጭቃው በላይ ያለው ቤት የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሲመሽ መስኮቷ ሥር ነጭ መብራት አብርታ ትሰፋለች።

በማግስቱ የወደቡ ኃላፊ ካፒቴኑንም ሰፊዋንም ተሳፋሪዎቹንም ቢሮው ጠራ። ፍርዱን አስቀድሞ ጨርሶታል፦ የሴትዮዋ መብራት ከወደቡ መብራት ጋር ተምታቷል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ይጥፋ። ካፒቴኑ "ተምታታብኝ" ካለ መሪውን አይነጠቅም። ሰፊዋ ግን ያለ ማታ ሥራ እንጀራዋ ተዘጋ ማለት ነው።

ካፒቴኑ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"አልተምታታብኝም" አለ።

"እንዴት?" አለ ኃላፊው።

"የወደቡን መብራት ከሷ መብራት የማይለይ ካፒቴን ዓሣ ይብላው! አውቄ ነው። አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ ነበር፤ ቀና ትል እንደሆነ ብዬ ትንሽ ጠጋ አልኩ።"

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ጫማውን ጭቃ ያስቀረበት ተሳፋሪ ብቻ አልሳቀም። "ልታያት የፈለግከው አንተ! እኛን ምን አገባን?" አለ።

ኃላፊው ሳቁን በሳል ሸፍኖ መሪውን ለሦስት ወር ነጠቀው። ካፒቴኑ የጀልባዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከዚያች ጀልባ በቀር ምንም አልነበረውምና አንጀት ይበላል። ወደ በሩ ሲያመራ ሰፊዋ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

"ለመሆኑ ካፒቴን፣" አለችው፣ "ጭቃው ላይ ምን አስቆመዎት? እስከ ደጄ እኮ ትንሽ ነበር የቀረዎት።"