ያላነበብኩት መስመር

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ታክሞ ሲመለስ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግፌ ከአውቶቡስ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ከልጅነቱ ቆልማማ የነበረው ግራ እግሩ ቀጥ ብሏል። ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች አጥንቱን ቆርጠው አቅንተው በብረትና በብሎን አስረውታል። ጎረቤቱ ሁሉ ብረቱን ሊዳስስ መጣ። ግጥም የምጽፍላት ልጅ ሳትቀር መጥታ ጠባሳውን በጣቷ ነካ አድርጋ «ያምሃል እንዴ?» አለችው። እኔን እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ወንድሜ ፊደል አልቆጠረም። የሆስፒታሉን ወረቀት ያነበብኩለት እኔ፣ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ንባብ የለቀምኩት ነኝ። መጨረሻው «ብረቱ የሚይዘው አጥንቱ እስኪጋጠም ነው። ሦስት ወር አይርገጥበት፤ ክብደት ካረፈበት ብሎኑ ይላላል፣ እግሩም ይጎብጣል» ይላል። እዚያ ስደርስ ልጅቷ ውሃ ስታቀብለው አየሁ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አለቀ?» አለኝ።

«አለቀ።»

ስብራት በቀርከሃ የሚያስሩት የሰፈራችን ወጌሻ ጉልበቱን ጨበጥ አድርገው ፈረዱ። «የኔ ቀርከሃ እንኳ በአርባ ቀን ይፈታል። ይሄማ ብረት ነው! በቅሎ ቢጭኑበት አይነቃነቅም።»

በአርባኛው ቀን የአክስታችን ልጅ ሰርግ ደረሰ። አንደኛ ሚዜ እኔ ነበርኩ፤ ሙሽራው ግን የወንድሜን እግር ሲያይ ሐሳቡን ቀይሮ ሚዜነቱን ለእሱ ሰጠው። በእኛ አገር ሙሽራዋን ከቤቷ አዝሎ የሚያወጣት አንደኛ ሚዜው ነው።

«አጣዬ ድረስ ባዝላትስ!» ብሎ ወንድሜ ሙሽራዋ ቤት ውስጥ ምርኩዙን ጥሎ በርከክ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሽራዋ እጇን ትከሻው ላይ ስትጥል ብሎኖቹ አንድ በአንድ ሲላሉ ታየኝ።

«እንዳትነሳ!» ብዬ ጮህኩ። «ወረቀቱ ይከለክላል!»

«ሚዜነቱ ቆጭቶት ነው!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

ወንድሜ አልሳቀም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የመጨረሻውን መስመር በሰው ሁሉ ፊት አነበብኩ። ወጌሻው አንገታቸውን ደፉ።

«ያን ጊዜም ይሄ ነበረበት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ነበረበት።»

ሙሽራዋን አዝዬ ያወጣኋት እኔ ሆንኩ። ዞር ብዬ ሳይ ግጥም የምጽፍላት ልጅ የወንድሜን ምርኩዝ ከመሬት አንስታ ታቀብለዋለች።

ሦስት ወሩ እስኪሞላ ወንድሜ በየጠዋቱ ወረቀቱን አስነበበኝ። ሲሰማ ዓይኑ ከከንፈሬ ላይ አይነሳም ነበር።