ከምሰሶው ጀርባ

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ከረባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ቢሮ የሚገባ ሰው መስሎ ይመጣና ከምሰሶው ጀርባ ያለውን፣ ከበሩ የማይታየውን ወንበር ይይዛል። መጽሐፍ አዳይዋ ልማዱን ሁሉ ለይታ ታውቃለች። ጡብ የሚያህለው መጽሐፉ በጋዜጣ ተሸፍኗል። አንድ ጊዜ ሽፋኑ ተቀዶ ርዕሱን አይታዋለች፤ የፋይናንስ ተንታኞች የሙያ ፈተና፣ የመጨረሻው ደረጃ ይላል። በሳምንቱ አዲስ ጋዜጣ አልብሶት መጣ። የካልኩሌተሩ ቁጥሮች ከመነካካት ብዛት ተፍቀው አልቀዋል፤ እሱ ግን ሳያይ ነው የሚጫነው።

ዛሬ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ደንገጥ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ የኔ እመቤት» አለ በሹክሹክታ። «የምን ፍሬም? ገዛችሁት? ምነው እንዲህ ቸኮላችሁ። ማለፉንማ አምና አልፌያለሁ አልኩሽ፤ ሰርተፍኬቱን ነው ያልላኩልኝ።»

ስልኩን ሲዘጋ መጽሐፍ አዳይዋ አጠገቡ ቆማለች። እንደሰማችው ገባው።

«ዘንድሮ አልፋለሁ» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«ይቅናዎት» አለችው።

ሲዞር ከመጽሐፉ ውስጥ ሾልኮ የወደቀውን የገጽ ምልክት ጎንበስ ብላ አነሳችለት። እስከ ዛሬ ባዶ ካርቶን ይመስላት ነበር። በልጅ እጅ፣ በቀይ ከለር፣ «አባዬ ጎበዝ! እንኳን አለፍክ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ተቀበላትና ሳያየው፣ እንደ ወትሮው ጽሑፉን ወደ ታች ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።