የእማማ ሎኮ ጮጮ

ስዊዘርላንድ፣ ኦፕፊኮን ከተማ በምሠራበት ሆቴል ቁርስ ሲያበቃ የተረፈውን ወተት ሲንክ ውስጥ የምደፋው እኔ ነኝ። ሲንቆረቆር በሰማሁ ቁጥር ልጅነቴ ይመጣብኛል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መምህሩ አባቴ ከአዲስ አበባ ወደ ቦረና ተዛወረ፤ ጎረቤት የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅበት የከብት አገር። በድርቁ ወቅት እማማ ሎኮ የሚባሉ አርብቶ አደር ከቀረችላቸው አንዲት ላም አልበው፣ በእንጨት ጭስ በታጠነ ጮጮ ወተት አመጡልን። እናቴ ጭሱ ሸተታት፤ እማማ ሎኮ ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ ጓሮ ደፋችው። ጮጮአቸውን ሊወስዱ ወደ ጓሮ ሲዞሩ በወተቱ የነጣውን መሬት አዩ። የእናቴ ፊት ፍም መሰለ።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አሏት። «መሬቱም ጠምቶት ነበር።»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ዛሬ ጆጉን ይዤ ስቆም አለቃዬ «ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። ሲንኩ አልጠማውም ብዬ እንዴት ላስረዳት?