የእማዋይሽ መስኮት

እማዋይሽ አዲስ ፋይል ስትጀምር መጀመሪያ እጇን ታደርቃለች። ኩዌት ውስጥ መስከረም ገባ ማለት ሙቀቱ ወጣ ማለት አይደለም፤ ላብ የነካው ፎቶ ደግሞ ከላዩ ካለው ወረቀት ጋር ይጣበቃል። እጇን በሶፍት ትጠርግና አራቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ታሰልፋለች፤ ማመልከቻው፣ የፓስፖርቱ ኮፒ፣ የባጣቃው፣ ማለት የኩዌት መታወቂያው፣ ኮፒ፣ የትምህርት ማስረጃው። ሰብስባ ጫፋቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ታደርጋለች። መሃሉን ለማግኘት ዳሩን በጥፍሯ በስሱ ታጥፋለች፣ መብሻው ውስጥ ታስገባለች፣ በመዳፏ ትጫናለች፣ ከዚያ በሽቦው ታስራለች። ከአገር ቤት የመጣ ማስረጃ ከሆነ ግን ከመብሳቷ በፊት አንድ ሥራ አላት። እርሳሷን ታነሣና የወረቀቱ ጥግ ላይ ዓመቱን በፈረንጅ ቆጠራ ትጽፋለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜ ስምንት መደመር ነው። ለዚህ በጣት መቁጠር ካቆመች ቆይታለች።

ሥራ ቦታዋ ሳልሚያ ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የምዝገባ ክፍል፣ ሦስተኛው መስኮት። እዚያ መስኮት ላይ ሃያ ዓመት ሆናት። ሐበሻ ተማሪዎች «እትዬ» ይሏታል፣ ፊሊፒኖዎቹ «ማማ»፣ የሌላው አገር ሰው ደግሞ ስሟን ለመጥራት ሞክሮ ሞክሮ ይተወዋል።

ቢሮ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ ጽሕፈትና የመዝገብ አያያዝ ተምራ፣ አንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ኮሌጁ ሲዘጋ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ አጣችና በእኛ 1994 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ኩዌት ገባች። የገባችበት ቤት አርዲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ማዳሟ ሰቢካ ትባላለች። ማዳም ሰቢካ ደህና ሰው ነበረች፣ ወረቀት አያያዝ ላይ ግን ጉድ ነበረች። የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ የፍሪጁ ዋስትና፣ የመብራት ደረሰኝ፣ ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ እንደ ጎመን ተጠቅጥቆ ይኖራል። እማዋይሽ ማንም ሳያዛት በባዶ የጫማ ካርቶን ለየችው፤ በየካርቶኑ ላይም ሥዕል ሣለችበት፤ መርፌ፣ አምፖል፣ ፍሪጅ። ያን ጊዜ ዐረብኛ መጻፍ አታውቅም።

አንድ ቀን ፍሪጁ ሲበላሽ ማዳም ሰቢካ የዋስትናውን ወረቀት ፍለጋ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እማዋይሽ ወረቀቱን ከካርቶኑ አውጥታ እጇ ላይ አኖረችላት። ማዳም ሰቢካ ያን ሰሞን አዲስ በተከፈተው የሳልሚያው ዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ክፍል እንድታቋቁም ተቀጥራ ነበርና ካርቶኖቹን ቆማ አየቻቸው። በሳምንቱ እማዋይሽን በመኪናዋ ይዛት ሄደች፤ ኢቃማዋንም፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው አዛወረችላት። ኢቃማው ላይ የተጻፈው የሥራ ዓይነት ግን «ጽዳት» ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመዝገብ ክፍሉ ቁልፍ ወገቧ ላይ እየተንጠለጠለ ባጣቃዋ ጽዳት እንዳለ ኖረ። አይቆጭሽም ወይ ሲሏት፣ ካርዱን የሚያየው ፖሊስ ነው፣ ፋይሉን የሚያየው ተማሪ ነው፣ እኔ የምሠራው ለተማሪው ነው ትል ነበር። በኋላ ተስተካከለ። ማዳም ሰቢካ ጡረታ ስትወጣ ቦታውን ለአዲሷ ኃላፊ ለሙዲራ መናል አስረከበች፤ እማዋይሽንም ከዕቃው ጋር አብራ አስረከበች እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለዳል።

እንዲህ ባለ ሥራ ሰው የሚኮራው በአንድ ነገር ነው፤ ባለመሳሳት። እማዋይሽም ኩራቷ ይኸው ነበር፤ እስከዚህ መስከረም ድረስ።

ረድኤት የምትባል ልጅ እዚያው ሳልሚያ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ትሠራለች። ኩዌት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። የማታውን የቢሮ አስተዳደር ዲፕሎማ ለመማር ወረቀቷን ይዛ መጣች። ይህ ዙር ለእሷ የመጨረሻው ነው፤ አሁን ካልተመዘገበች ጸጉር ቤቱ የሥራ ሰዓቷን ወደ ማታ ሊያዞረው ነበር። እማዋይሽ ማስረጃውን አየች፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ገጽ ኮፒ ነው፤ ዓመቱ 2017 ይላል። አገር ቤት ብዙ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛው ገጽም የእኛኑ ዓመት ይጽፋል። 2017 ደግሞ ገና ከሳምንት በፊት የተሸኘ ዓመት ነው፤ አፏ ላይ አለ። ስምንት ደመረችና ጥጉ ላይ 2025 ብላ ጻፈች፤ ኮምፒውተሩም ላይ እንዲሁ አስገባች። ረድኤት መስኮቱ ፊት ቆማ ታያለች። አመስግና ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ፋይሉ ከሙዲራ መናል ቢሮ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት ተመለሰ። ቀዩ ወረቀት ላይ «ሙዘወር» የሚል ተጽፏል፤ ሐሰተኛ ማለት ነው። ከሥሩ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከ2019 ጀምሮ ኩዌት የምትኖር ሰው በ2025 አዲስ አበባ ላይ እንዴት ትምህርት ጨረሰች? እሑድ እኩለ ቀን ምዝገባው ሲዘጋ ይህ ቃል ከጸና፣ ረድኤት በዚህ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ልኳን አትመዘገብም።

እማዋይሽ ቁጥሩን አየችው። የራሷ ጽሕፈት ነው። ወዲያው ስልክ አነሣች።

«ረድኤት፣ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረስሽው መቼ ነው?»

«በ2009 እትዬ። በፈረንጅ 2017።»

«እኔ 2025 ብዬ ስጽፍ አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ?»

«እትዬ፣ እርስዎ ሃያ ዓመት የጻፉትን እኔ ቆሜ ላርም? የቢሮ አሠራር ይሆናል ብዬ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ።»

እማዋይሽ ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣው አልመጣ አላት። እሷም በዚያ ዕድሜ ብትሆን፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስሟን ሌላ ብላ ብትጽፈው ኖሮ አመስግና ነበር የምትሄደው።

እርሳሱን በላጲስ ማጥፋት ይቻል ነበር። እሷ ግን ፋይሉን እንዳለ ይዛ ሙዲራ መናል ጋ ገባችና ልጅቷ ንጹሕ ናት፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብላ ተናገረች፤ በፈረንጅ በተጻፈው 2017 ላይ ስምንት ዳግመኛ እንዴት እንደደመረችበትም አስረዳች። መናል አዳምጣ፣ አምንሻለሁ፣ መዝገብ ግን በእምነት አይታረምም፣ እሑድ ከእኩለ ቀን በፊት ዋናውን ወረቀት አምጪ አለቻት። ልትወጣ ስትል ደግሞ ጠየቀቻት፤ ሌላስ አለ? ይህቺ ጥያቄ ከቀዩ ወረቀት በላይ ከነከነቻት። ከሰዓቱን ሙሉ የሐበሻ ተማሪዎችን ፋይል አንድ በአንድ አገላበጠች። አንድ አገኘች። ናቲ የሚባል፣ ዛሬ ተመርቆ አርዲያ ስልክ የሚጠግን ልጅ፣ በእማዋይሽ መዝገብ መሠረት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዐሥር ዓመቱ ነው የጨረሰው። የእሱን ጭራሽ መደመር ረስታዋለች። ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ያንንም ጽፋ ለመናል ሰጠች።

የረድኤት ዋና ወረቀት ያለው አቡ ሐሊፋ የሚባል ሰፈር፣ አክስቷ ፋንታዬ ጋ ነው። ዓርብ ጸጉር ቤቱ ሙሽራ በሙሽራ ስለሚሆን ረድኤት ንቅንቅ ማለት አትችልም። እማዋይሽ በዕድሜዋ ለሁለተኛ ጊዜ የዓርቡን ቅዳሴ ትታ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ኩዌት የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሐበሻው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በዚያ ቀን ነው።

ፋንታዬ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ፣ አፏ ፈጣን ሴት ናት። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተችው።

«ልጅቷ ደውላልኛለች። ስልክ ግን ሰው አይደለም። ወረቀት ላስጨርስልሽ ብሎ ወስዶ የቀረ ደላላ አውቃለሁ እኔ።»

እማዋይሽ የሥራ መታወቂያዋን በስንጥቁ አሳየች። ፋንታዬ ፎቶውንና ፊቷን አስተያየች፤ ፎቶው ላይ ወፍረሻል አለቻት።

«እህቴ፣ ዓመቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የልጅቷ ጥፋት የለበትም። ላስተካክለው ነው የመጣሁት።»

ፋንታዬ ሰንሰለቱን ፈታችው። «ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ግቢ፣ ሻይ ጠጪ። ወረቀቱን ግን አልሰጥሽም። እኔው ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

እማዋይሽ አልተከራከረችም። ዋና ወረቀት እንዲህ ነው የሚያዘው፤ እሷም ብትሆን አትሰጥም ነበር።

እሑድ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ገና ሳይከፈት ፋንታዬ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች፤ ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቷ ውስጥ ነው። ረድኤትም ከጸጉር ቤቱ አንድ ሰዓት ለምና መጣች። መናል ቢሮ ሲገቡ ፋንታዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጣቷን ግን ከጥጉ አላነሣችም። መናል አማርኛ አታነብም፤ ለእማዋይሽም አንብቢልኝ አላለቻትም። የእንግሊዝኛውን ፊት አየች፤ 2017። ወደ አማርኛው ገለበጠችው፤ 2009። ያው ማኅተም፣ ያው ፎቶ፣ ያው ፊርማ። ሁለቴ ገለባበጠችና ሳቀች። አንድ ወረቀት ሁለት ዓመት ይዞ ይኖራል እንዴ ብላ ጠየቀች፤ እማዋይሽም አገራችን እንዲህ ናት፣ ከሁሉ ሰው ስምንት ዓመት እናንሳለን አለቻት። ቀዩ ወረቀት ተላጠ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ረድኤት ተመዘገበች። ፋንታዬም ጣቷን አነሣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጧል። የአገር ቤት ማስረጃ በሁለቱም ገጽ ኮፒ ይደረጋል፤ እማዋይሽ የምትጽፈውን ዓመት ደግሞ ሌላ ሠራተኛ አይቶ ይፈርምበታል። ሃያ ዓመት ብቻዋን ስትፈርም ለኖረች ሰው ይህ ውርደት አይሆንብሽም ወይ ያሏት ነበሩ። እንቅልፌ ተስተካከለ አለቻቸው። ረድኤት በሳምንት ሦስት ማታ ትማራለች፤ ስታልፍ መስኮቱን አንኳኩታ ሰላም ትላለች፤ እማዋይሽም ከፋይሏ ቀና ሳትል እጇን ታነሣላታለች።

ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ በሰው አገር ወረቀት ለምታስገቡ፣ እማዋይሽ የምትለምናችሁ አንድ ነገር አለ። «መስኮቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብሆንም፣ እናታችሁን ባክልም፣ በስማችሁ ምን እንደጻፍኩ ሳታነቡ አትሂዱ። የተሳሳተ ካያችሁ ንገሩኝ። እባካችሁ፣ አትፈሩኝ።»