ኳሷን ማን አስተነፈሳት?

አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ እንጅባራ፣ የፊዚክስ አስተማሪያችን የሴቶቹን የመረብ ኳስ ቡድንም ያሠለጥን ነበር። ሰውየው ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገሸግሸኛል። የኳስ መንፊያውን መርፌ አፉ ውስጥ ከትቶ በምራቁ ያርስና "ያዢልኝ" ብሎ ያቀብለኛል።

ዳንግላ ለውድድር ልንሄድ ነው። ከተወለድኩበት ከአዘና ወጥቼ ከእንጅባራ በቀር ሌላ ከተማ አላየሁም፤ መሄድ ክፉኛ ፈልጌአለሁ። ዋዜማው ላይ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ አስተማሪው ኳሷን ድንጋይ እስክትመስል ነፋትና የተከራየሁት ክፍል ለትምህርት ቤቱ ስለሚቀርብ እኔ ጋ አሳደራት።

ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ኳሷን ብወረውራት መሬት ላይ ዘጭ አለች። አስተማሪው አንስቶ በአውራ ጣቱ ተጫናት።

"ማን አስተነፈሳት?"

"ማንም አልነካትም፣ ቲቸር።"

"ቀቅላ ልትበላት ነበር፣ ቲቸር!" አለች ተጠባባቂያችን፣ የዘንገናዋ ልጅ። ሁሉም ሳቁ።

በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስገልብጦናል፦ ጋዝ ሲሞቅ ሞሌኪውሎቹ ይፈጥናሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ። ስለዚህ ነገርኩት።

"ቲቸር፣ ብርዱ ነው። ትናንት ፀሐይ ላይ ሲነፏት ሞሌኪውሎቹ ይሮጡ ነበር። አሁን ዘግይተዋል፤ ውስጧን እንደ ትናንቱ አይመቱትም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

"እሱ ለፈተና ነው" አለኝ። "እዚህ ኳስ ነው የምንጫወተው።"

ከምራቁ የባሰ የቀፈፈኝ ይሄ ነው። የማያምንበትን ነገር በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ እያስገለበጠን ኖሯል!

ኳሷን ፀሐይ የሚመታው ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ክፍል ገባሁ። በእረፍት ሰዓት ብነካት ጠንክራለች። አስተማሪዎች ቢሮ ድረስ ወሰድኩለት።

"ይጫኗት።"

ተጫናት። ከዚያ "በምን ነፋሻት?" አይለኝም!

"መንፊያው እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።"

አብረውት የተቀመጡት አስተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። እሱ ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምላስሽ ረዝሟል። ዳንግላ ሌላ ሰው ይሄዳል።"

በእኔ ቦታ የገባችው የዘንገናዋ ልጅ ናት። ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቃት እየሮጠች ቤቴ ድረስ መጣች። "እባክሽ እህቴ፣ ሸራ ጫማሽን አውሽኝ፤ የእኔ ተቀዷል" አለችኝ። ቁጥራችን አንድ ነው፤ ጫማውም እግሬ ላይ ነበር።

"በባዶ እግርሽ ተጫወቺ" አልኳትና በሩን ዘጋሁባት።